ካርታውን አግኝቼዋለሁ፣ አባዬ

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አጀማመር አላስተማርከኝም። ለስንት ሰው ደብዳቤ ስትጽፍ ጤና ሳትጠይቅ ወደ ጉዳዩ ገብተህ አታውቅም። ከተለያየን ሰባት ወር አለፈን። ሰው ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔን ብቻ አንተ በይኝ ብለህ አሳድገኸኛልና ዛሬም እንደለመድኩት ልጥራህ።

ቢሮው አልተዘጋም። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ባለጉዳይ አሁንም ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይጠብቀኛል፤ የድንበር ክርክር አለ፣ የቀለብ አለ፣ የልደት ማስረጃ የጠፋበት አለ። አንተ በብዕር ትጽፈው የነበረውን እኔ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን አላመኑኝም። የአባትሽ ማመልከቻ ዳኛ ያስለቅስ ነበር እያሉ ፊት ለፊቴ ያሙኛል። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ ያኔ ብዕር ስለማነሳ። የወንበርህን የላላ እግር አስጠግኜዋለሁ፤ አንተ ዛሬ ነገ ስትል የከረምከውን።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ካርታውን አግኝቼዋለሁ። ያንን ለቢሯችን ግድግዳ የተመኘኸውን ትልቁን የዓለም ካርታ።

ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች ትዝ ይሉሃል? ከሀብሩ ገጠር በእግራቸው መጥተው፣ ማመልከቻቸው ተጽፎ ካለቀ በኋላም ከአግዳሚው አይነሱም። ጂዛን በየት በኩል ነው? ቤሩት ከሪያድ ይርቃል? እዚያም እንደኛ ይዘንባል? አንተ የተበላሸ ወረቀት ትገለብጥና ይቺ መርሳ፣ ይህ ባሕር፣ ልጅሽ እዚህ ጋ ናት እያልክ ትስልላቸዋለህ። ሥዕል አትችልም ነበር እኮ፤ ባሕሩ ሁልጊዜ ድንች ነው የሚመስለው። ሴቶቹ ግን ወረቀቱን አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ይሄዳሉ። አንድ ትልቅ ካርታ እዚህ ግድግዳ ላይ ቢኖር ስትል፣ ማመልከቻ ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት እያልኩ እስቅብህ ነበር።

ከዚያ ያሬድ ሄደ። አንድያ ወንድሜ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ አዝለህ ያሳደግከው የመጨረሻ ልጅህ፣ ሳይሰናበተን ሄደ። ከጅቡቲ ጠረፍ አንድ ጊዜ ደውሎ ጀልባ እየጠበቅን ነው አለ። ስልኩ ከዚያ ወዲያ አልጠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በካርታው መሳቄ ቀረ።

አባዬ፣ በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህን አሁን ልናገር። ያሬድ ባሕሩን አልተሻገረም። ጀልባዋ ተገልብጣለች። አብሮት የነበረው የሰፈራችን ልጅ ተርፎ ደወለልኝ፤ አንተ ወልዲያ ሆስፒታል ተኝተህ በወጣህ በሳምንቱ። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል፣ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሎኝ ነበር። ደግሞስ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንተው ታውቃለህ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው እንጂ፣ ሴት ልጅ ለታመመ አባቷ ምሳ እያቀረበች የወንድሟን ሞት አትናገርም። ከቢሯችን ጎን ልብስ የሚሰፉትን አያ ሰይድን አማከርኳቸው። ትንሽ ይጠንክር፣ ያኔ እኛ እንመጣለን አሉኝ። ለማንም እንዳይተነፍሱ አስማልኳቸው።

አንተ ግን አልጠነከርክም። መድኃኒትህን ልገዛ ወልዲያ ሄጄ በተመለስኩ ቁጥር፣ ገና ከበሩ ሳልገባ ስለ ካርታው ትጠይቀኛለህ። አልተገኘም እልሃለሁ። ዋሽቼሃለሁ። ከመናኸሪያው በላይ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሦስት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ። ባመጣው ጣትህን ባሕሩ ላይ አሳርፈህ ልጄ አሁን የት ደርሶ ይሆን ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ ያኔ ፊቴን መያዝ አልችልም። ስለዚህ የለም አልኩህ። እንደዋሸሁህ ሞትክ። ሰባት ወር ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አላልፍ ያለኝ ይኸው ነበር።

በለቅሶህ ላይ የሆነውን ብታይ። ሊያጽናኑኝ ከመጡት አንዳንዶቹ ለያሬድ ስልክ እንዳልደውል አጥብቀው መከሩኝ። በሰው አገር ብቻውን የአባቱን ሞት ከሰማ ይሰበራል፣ ሰው ተፈልጎ በወጉ ይረዳ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ገዛሁት። እዚያው በር ላይ ነበር። ፀሐይ ከርማበት በአንድ ወገን ነጣ ብሏል፤ ወርዱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሾፌሩ ከላይ ይጫን ቢለኝ እምቢ አልኩ። ጠቅልዬ በተሳፋሪው መሀል አጋደምኩት። ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩ ሁለት ሴቶች ምንጣፍ መስሏቸው ከየት ገዛሽው አሉኝ። ዓለም ናት አልኳቸው። ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እስከ መርሳ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

አያ ሰይድ መዶሻና ምስማር ይዘው መጡልኝና ከጠረጴዛህ ፊት ለፊት ሰቀልነው። ደሴ አለች፣ መርሳ ግን የለችም። አያ ሰይድ ተናደው፣ ጨርቅ በሚያሰምሩበት ጠመኔ ከደሴ በላይ ነጥብ አደረጉላት። እኔ ባሕሩን ፈለግሁት። አባዬ፣ ትንሿ ጣቴ ትሸፍነዋለች። ያሬድን የበላው ይህችን ታህል ነው። ያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ አባቴ ልጁ የሚመጣ መስሎት ሞተ፣ እኔ ነኝ ያታለልኩት ብዬ ጮህኩ።

አያ ሰይድ መዶሻቸውን አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዘነቡዋ፣ ወላሂ ከዚህ በላይ አልሸከመውም፣ አባትሽ ሰምቶ ነበር አሉኝ።

የተረፈው ልጅ እናት፣ እኔ ለፕሪንተሩ ቀለም ልገዛ በሄድኩበት ቀን ቢሮ መጥታ እግዜር ያጥናህ ብላሃለች፤ መርዶው የደረሰህ መስሏት። መሳሳቷን ያወቀችው ፊትህን ስታይ ነው። አንተ ግን አሜን ብለህ ሸኘሃት። ከዚያ አያ ሰይድ ቤት ገብተህ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሊሰፋ የመጣ የሰው ጋቢ አፍህ ውስጥ ከተህ አለቀስክ። ፊትህን ታጠብክና አስማልካቸው። ልጄ እኔን ለማትረፍ ብቻዋን ይዛዋለች፣ መስማቴን ካወቀች ይብስባታል፣ እንዳትነግራት አልካቸው። ያ ምስኪን ሰው የሁለታችንን መሐላ ይዞ፣ አንተ እስክትሞት አራት ወር ሙሉ በመሀላችን ሲሰፋ ከረመ።

ካርታውን ከዚያ በኋላም መጠየቅህን አላቆምክም፤ እንዲያውም አበዛኸው። ዝም ካልክ እንደምጠረጥር አውቀሃል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ባሕሩ ደህና ሰማያዊ የሆነውን ምረጪ አልከኝ። እኔም እሺ፣ ደህናውን እመርጣለሁ አልኩህ። ሁለት ውሸታሞች በአንድ ትሪ ስንበላ!

አኩርፌሃለሁ አባዬ። አንዲት ቀን እንኳ አንገት ለአንገት ተቃቅፈን ብናለቅስለት ምን ነበረበት? ልብህ የፈራሁትን ያህል ደካማ አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ችሎ፣ ከዚያም በላይ ለእኔ ይጨነቅ ነበር። ግን ደግሞ ተነፈስኩ። ተታልለህ አልሞትክም። ትናንት የመኝታዬን አንሶላ አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ ቁጭ ብዬ በላሁ፤ ጠገብኩም።

ካርታው ሥራውን ጀምሯል። ከውርጌሳ ወዲያ የመጣች አንዲት እናት ጫማዋን አውልቃ ቀረበችው። ልጇ ያለችበትን ሳሳያት መዳፏን አስደግፋ ቆየች። ጉዳይ የነበራቸው ሰዎች ሁሉ ተራቸውን ትተው ጠበቋት።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ የያሬድ የክርስትና ስም ከአንተ ስም ጋር በቤተ ክርስቲያን ይጠራል። እኔ እስካለሁ አንዳችሁ ያለ ሌላችሁ አትጠሩም፤ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቀረን ነገር አለ። ሁለታችንም ሰምተናል እንጂ መርዶው በቤታችን በወጉ አልተነገረም። አያ ሰይድን ለመንኳቸው። የፊታችን እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹንና የንስሐ አባታችንን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው በሩን እከፍታለሁ። በአንተ ቦታ ቆሜ፣ ያሬድ ሞቷል ሲሉኝ እሰማለሁ። ከዚያ መርሳ እስክትነቃ ድረስ ጮኼ አለቅሳለሁ፣ ለእኔም፣ ለአንተም።

ልጅህ ዘነቡ