አንቱ ያለኝ ስልክ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ዕድሜህ ይርዘም፤ የጀመርከው ሁሉ ይስመርልህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ የስፌት ክፍሌን ጣሪያ ጠግኖልኛል። ከጓደኞችህ ጋር የሠራችሁት የልብስ ስፌት መተግበሪያም ደንበኛ ያመጣልኛል፣ ተባረኩ። ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ «እንደምን አደሩ?» ሲለኝ አንተ መስለኸኝ፣ «ሰው አገር መኖር ጨዋ አደረገው፤ እናቱን አንቱ አለ» እያልኩ፣ እየሳቅሁ መልሼ ስመርቅህ ከረምኩ። ትናንት አብራኝ የምትሰፋው አክስትህ ስልኳን ብታሳየኝ፣ እሷም ያንኑ ተብላለች። ለካ ለልብስ ሰፊው ሁሉ በራሱ የሚልከው ኮምፒውተሩ ኖሯል! ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ምርቃቱም ያንተው ነው፣ ክፉ አይንካህ። ብቻ አንድ ጠዋት ራስህ «እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» በለኝ። ኮምፒውተሩ የሰፋሁትን ቀሚስ ይቆጥራል እንጂ ጉልበቴን አያውቅም።