ከገበያነሽ ቤት ማን መጣ?

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ላፕቶፑ ጠፋ። ተከራዬ ሀምዲያ ከጓሮ ክፍሏ ብቅ ብላ፣ “እትዬ፣ ላይብረሪ ጄኔሬተር አለ፣ አብረን እንሂድ?” አለችኝ። እኔ እዚያው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሴን ልጨርስ ነው፤ እሷ ገና ጀማሪ ናት። ብቻዬን ሄድኩ። ከልጅ ጋር ጎን ለጎን ስሄድ ሰው እናትና ልጅ ይመስለዋል።

በሩ ላይ አዲስ ዘበኛ። “እማማ፣ የጽዳት ሠራተኞች በዚያኛው በር ነው።”

መታወቂያዬን አሳየሁት። ገልብጦ አየው። እውነት ነው ወይ ብሎ ጓደኛውን ጠራ...

ክፍል ውስጥ ደግሞ “ማዘር” ነኝ። ማዘር፣ ወንበር ያዙልን። ማዘር፣ ኖት ያውሱን። የማን እናት? ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲሄዱ እኔ ውሃ ስቀዳ አደግኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በቀበሌው የማታ ትምህርት ነው። ልጅ አልወለድኩም። ባሌም አርፏል። ይኸው ነው።

ግንቦት 16፣ እሑድ

የሴቶች እድር ተሰበሰበ። ተራው የኔ ግቢ ነበር። ሰብሳቢዋ አሰፋች ናት፤ አጥር እንጋራለን፣ ሁለታችንም እዚህ ሰፈር የገባነው በሙሽርነት ነው። ወንበሩን ሳልደረድር ጀመረችኝ።

“የወርቂቱ እናት ሲቀበሩ የት ነበርሽ?”

ሌላ ከተማ፣ ጨለለቅቱ ነበርኩ። ለጥናቴ ሴቶች ሳነጋግር። ኔትወርክ አልነበረም። “ሣልስት ደርሻለሁ” አልኩ።

“ሣልስትማ መንገደኛም ይደርሳል። ሰው የሚፈለገው አፈር ሲለብሱ ነው።”

ቅጣቱን ልክፈል አልኩ።

“ብርሽን ያዢው። ሁለተኛ ከቀብር ከቀረሽ ትሰረዣለሽ። ካልተመቸሽ ከቤትሽ ሰው ላኪ።”

“ማንን ልላክ? ድመቷን?”

ሴቶቹ ሳቁ። አሰፋች አልሳቀችም። ወርቂቱ ፊቷን አዞረችብኝ።

ከእድር የተሰረዘች ሴት ስትሞት ድንኳን የሚተክልላት የለም። ማን ያወጣኛል? ማዘጋጃ ቤት?

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

አማካሪዬ ዶክተር ሳምሶን ቀኑን ነገረኝ። ሰኔ 3፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ጥናቴን አቀርባለሁ። የውጭ ፈታኙ ከሐዋሳ የሚመጣው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። የተራዘመልኝ ጊዜም በዚሁ ወር ያልቃል። ከቀረሁ ቀረሁ። እስከዛሬ የደከምኩት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

“ማዘር፣ አይጨነቁ” አለኝ። እሱ ምን አለበት...

ግንቦት 25፣ ማክሰኞ

ሀምዲያ ጓደኞቿን ሰብስባ ግቢ ውስጥ ያጠናሉ። ማጥናት ነው እሱ? ሳቅ ብቻ። እኔ አንድ ገጽ ሦስቴ አነባለሁ። ሲሄዱ ጠራኋት። በሰኔ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ አልኳት።

“ምን አጠፋሁ?”

“ድምፅሽ በዛ።”

“እትዬ፣ እዚህ ቤት ከእኔ ድምፅ ሌላ ምን አለ?”

በሩን ዘጋሁ።

ግንቦት 30፣ እሑድ

የአሰፋች ባል ወልዱ ታሟል። ሳሉ በአጥር ያልፋል።

ሰኔ 1፣ ሰኞ

ልጠይቀው ገባሁ። ከስቶ ትራሱ ውስጥ ጠፍቷል። አሰፋች ገና እንዳየችኝ፣

“ፈተናሽ መቼ ነው?”

“ረቡዕ።”

“በይ እንግዲህ ንገሪው፣ እስከ ሐሙስ ይታገሥሽ።”

ደነገጥኩ። ቀልድ ነው? ወልዱ ግን ሳቀ። “እሞክራለሁ” አለ። ሳሉ ያዘው።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

አልቻለም። ከምሳ በኋላ አረፈ።

ጥሩምባው ሲነፋ እኔ አሰፋችን ይዣለሁ። እስኪመሽ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። ቀብሩ ነገ አምስት ሰዓት ነው። የኔው አራት ሰዓት።

አሰፋችን ምን ብዬ ልጠይቃት? ባሏ ሞቶ “ፍቀጂልኝ” ይባላል? ወርቂቱ ሽንኩርቱን እያቀበለችኝ፣ “ነገም አለሽ አይደል?” አለችኝ። ሁሉም ሰሙ። ሽንኩርቱን ተቀብዬ መላጥ ቀጠልኩ።

ስመለስ ሀምዲያ ደጃፌ ላይ ቆማለች። “ምን ወሰኑ?”

“አያገባሽም።”

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

ሄድኩ።

ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ነው የሄድኩት። ዶክተር ሳምሶን “ማዘር፣ ሐዘን አለ እንዴ?” አለኝ። አለ፣ እንጀምር አልኩት።

ጥናቴ ሴቶች የጎልማሶች ትምህርት ለምን እንደሚያቋርጡ ነው። ፈታኙ ዋናውን ምክንያት ጠየቀኝ።

“ለቅሶ” አልኩ። “ክፍል ብትቀር ማንም አይጠይቃትም። ለቅሶ ብትቀር ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃታል።”

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አምስት። አሁን ሬሳው ከቤት ወጣ... የማነበው መስመር ጠፋኝ። ውሃ ሰጡኝ። ጨረስኩ።

የሚታረም አለው፣ ግን አልፈሻል ተባልኩ። አጨበጨቡ። ሌሎቹ አበባ ታቅፈው ከዘመድ ጋር ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ባጃጅ ያዝኩ። ዝናብ።

ሰፈር ስደርስ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ በር ላይ እጅ ይታጠባሉ። ድንኳኑን አልፌ ቤቴ ገባሁ። የሀምዲያ ጫማ ደጃፏ ላይ ነበር፤ ቀይ ጭቃ ብቻ። ይቺ ደግሞ በዚህ ዝናብ የት ትዞራለች አልኩ።

ሰኔ 5፣ ዓርብ

የወልዱ ሣልስት። መሰረዜን ልሰማ ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ፣ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ።

አሰፋች ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል። “አለፍሽ?”

“አለፍኩ።”

“የት እንደሄድሽ ያቺ ልጅ ነግራኛለች።”

የቷ ልጅ?

ሬሳው ሲወጣ ወርቂቱ ሆን ብላ ጮክ ብላ፣ “ከገበያነሽ ቤት ማን መጣ?” ብላ ጠይቃለች። ሀምዲያ ከኋላ፣ “እኔ።” “አንቺ ተከራይ ነሽ፣ ደግሞ ሙስሊም ነሽ።” “የማድረው የት ነው ታዲያ?” ብላ መለሰችላት አሉ። ለአሰፋች ጥላ ይዛ ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ጥላውን ለሌላ ሰጥታ፣ ቀብሩ እስኪያልቅ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመች።

“ከቤትሽ ሰው መጥቷል” አለች አሰፋች። “አልሰርዝሽም። ግን ቅር ብሎኛል።”

“ይበልሽ” አልኳት። እውነቷን ነው።

ቤት ስገባ ሀምዲያ ዕቃዋን በካርቶን ታደርጋለች። ማን ላከሽ አልኳት።

“ድመቷን ለመንኳት፣ እምቢ አለች” አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

እድሩ የተሰበሰበ ቀን ከክፍሏ ስትሰማ ነበር ለካ።

እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ። ጫማዋን ወስጄ ቧንቧው ጋ አጠብኩት። ጭቃው እምቢ አለኝ፣ በቢላ ፋቅኩት። ስመልስላት ካርቶኑን በእግሬ ወደ አልጋዋ ስር ገፋሁት።

“ነገ ጓደኞችሽን ጥሪያቸው” አልኳት። “ጎረቤት ሐዘን ነው፣ ቀስ ብለው ይሳቁ።”