የበርሜላችን ትንኞች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018፣ ድሬዳዋ

ከበርሜላችን የወጣችውን፣ ርጭት አልገድል ያላትን የወባ ትንኝ ዘረመል ሰጥቼው የቤተ ሙከራችን ኮምፒውተር ዛሬ የአንድ ፕሮቲኗን ቅርፅ ተነበየልኝ። እርግጠኛ የሆነበትን በሰማያዊ፣ የተጠራጠረበትን በብርቱካናማ ነው የሚያሳየው። ርጭት ከሚገድላቸው ትንኞች ጋር ሳነጻጽራት እሷ ላይ ብቻ ያገኘሁት ለውጥ ያረፈው ብርቱካናማው ላይ ነው። ያቺ ቦታ ምን ትሠራ ይሆን? ሳገላብጣት ዋልኩ።

ቤት ስገባ እማዬ በርሜሉን ልትደፋው ነው። ወንድሜ ወባ ጥሎት ገና ዛሬ መነሳቱ ነው።

«ትንሽ እጭ አስቀሪልኝ፣ አሳድጌ ልፈትናቸው» አልኳት።

«ኮምፒውተሩ ይነግረኛል አላልሽም?»

«እዚች ጋ አላውቅም አለ።»

ውሃውን ደፋችው። ቆይታ አፉን በጨርቅ ያሰረችው ጠርሙስ ይዛ መጣች። እጮቹ ውስጡ ይርመሰመሳሉ።

«ቤቴ ውስጥ እንዳትከፍቺው አቦ። እሱ ካላወቀ እነሱን ጠይቂያቸው።»