የሐሙስ ንባባችንን ስለተከታተሉልን ከልብ እናመሰግናለን

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የጆሮዎን ጤንነት እንኳ በራሳችን ስላየነው ምኞቴን በእሱ ላይ አላባክንም። የጽሕፈት ቤትዎን ስም ከላይ አለመጻፌ ንቀት እንዳይመስልብኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እኔ እዚሁ ዳንግላ በአንድ ኮሌጅ የምጣኔ ሀብት መምህርት ነኝ። ስድስት መምህራን ሆነን በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትምህርት ክፍላችን ቢሮ እየተሰበሰብን በፖለቲካል ኢኮኖሚ የወጡ አዳዲስ ጥናቶችን እናነባለን። አንዱ ያቀርባል፣ ሌሎቻችን እንከራከራለን፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ግን የሳምንቱ አቅራቢ የነበረው ባልደረባችን እንየው ወደ ቤቱ አልገባም። ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ ተብሎ ከኮሌጁ በር ላይ ሁለት ሰዎች ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ወሰዱት፤ ያ አምስት ደቂቃ እስከ ዛሬ አላለቀም። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናና ቅሬታ የተቀላቀሉባቸውን ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የንባብ ፍቅርዎን እናደንቃለን። እንየው ያቀረበው ጥናት ስለ አንዲት በሌላ አህጉር ስላለች፣ እኔ ራሴ ካርታ ዘርግቼ በመከራ ስላገኘኋት አገር ነው። እዚያ አገር ከሰል የጫነ ሁሉ የሚቆምበት ገመድ በየመንገዱ ይወጠራል፤ ጥናቱም ገመዱን የሚወጥሩት እነማን እንደሆኑና በማን ስም እንደሚወጥሩት ይመረምራል። ከጎረቤታችን ከተማ ከአዲስ ቅዳም የሚወጣ ከሰል መኖሩን አውቃለሁ፤ መንገዱ ላይ ገመድ መኖሩንም እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ አውቃለሁ። ይህ ግን የእኛ ጥፋት አይደለም። ስለ ባዕድ አገር የተጻፈውን አንብቦ ይኼማ እኔ ነኝ ያለው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አጥኚዎቹ በሕልማቸውም አያገኙትም።

፪ኛ. ይኼኛው ከቅሬታ ይልቅ ኑዛዜ ነው። መቼም እኛ ዘንድ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ ቃለ ጉባኤ መያዙ አይቀርም፤ ዕድርም ቢሆን፣ የወላጅ ስብሰባም ቢሆን፣ ንባብም ቢሆን። ከስድስቱ ሴት ሃናና እኔ ብቻ ስለሆንን፣ ሃና ደግሞ የእጅ ጽሑፏ አይነበብም ስለተባለ፣ ጸሐፊነቱ ለእኔ ደረሰኝ። እኔም «አቶ እንየው እንዳብራሩት፣ ኬላው የቆመው ለጸጥታ ሳይሆን ለጠባቂዎቹ መተዳደሪያ ነው» ብዬ ጻፍሁ። የአገሩን ስም ረጅም ነው ብዬ ተውሁት። አንዲት ቃል! ስድስታችንም ሳናነበው ፈረምንበት፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት ስለማይመስለን ማኅተም አስመታንበት፣ መሰብሰባችሁን አሳውቁ ተብለንም ስለነበር ግልባጭ አዘጋጀን። ግልባጩን በማግስቱ ጧት በጋሪ ተሳፍሬ መዝገብ ቤትዎ ድረስ ያደረስሁት እኔው ነኝ፤ ስለ መረከባችሁም አስፈርሜያለሁ። ወይ ነዶ! ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ ባልደረባውን አስረክቦ ፊርማ ሲቀበል የታየው እዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

፫ኛ. ስለ መስተንግዶዎ እግዜር ይስጥልኝ። እንየው በተወሰደ ማግስት እኔንም አስጠርተው ወንበር ሰጡኝ፣ የታሸገ ውኃ አስቀረቡልኝ፣ ድምፅዎንም ከፍ አላደረጉም። ምነው በጮሁብኝ! ይህን የተናገረው ማን ነው ብለው በለሰለሰ አንደበት ጠየቁኝ። ነገሩ የሌላ አገር ነው፣ ስሙን የዘለልሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው ብዬ ውኃዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ከደጃችን በቆመ ቁጥር መብራት አጥፍቼ በመስኮት አጮልቃለሁ፤ ተማሪ እጁን ሲያወጣ እንኳ ምን ሊጠይቀኝ ነው እያልሁ እደነግጣለሁ። እፈራዎታለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ፍርሃቴ ስለለቀቀኝ አይደለም፤ እንየውን በዚያ መልሴ መሸጤ ከእርስዎ ይልቅ ስላስፈራኝ ነው።

፬ኛ. ንባባችንን አላቋረጥንም፤ አሻሽለነዋል። ባለፈው ሐሙስ የቀረነው አምስታችን በሩን ዘግተን ስለ ንብ እርባታ አነበብን። ስለ ንግሥቲቱ የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ተያየንና ዘለልነው። ቃለ ጉባኤም አልተያዘም።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ እንየውን ወደ ቤቱ ይመልሱልን። እሱ የሰው ጥናት አነበበ እንጂ ከራሱ አንድም ቃል አልጨመረም። ጥፋቱ ከተጻፈው ላይ ከሆነ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቤቴን ለማግኘት እንዳይቸገሩ፣ ከፈረስ ጋሪ መቆሚያው ዝቅ ብሎ ሰማያዊ በር ያለው ነው፤ መቼም ያውቁታል።

ለሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ከተረፈኝም ድፍረት ጋር እያቀረብሁ፣ ባልደረባዋን በቃለ ጉባኤ ያሳሰረች የመጀመሪያዋ ጸሐፊ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤

ይመኙሽ አበረ
የሐሙስ ንባብ ቡድን ጸሐፊ
ዳንግላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእንየው ባለቤት ወይዘሮ ስሜነሽ በየቀኑ ምሳ ይዛ ከበርዎ ትቆማለች። ዘበኛዎ እንየው የሚባል ሰው እዚህ የለም ይላታል፤ ምሳ ዕቃውን ግን ተቀብሏት ይገባና ባዶውን ይመልስላታል። እዚያ የሌለ ሰው ምሳውን እንዲህ አጥርቶ ስለሚበላልን እስከ ትናንት ድረስ ስናመሰግንዎት ነበር። ዛሬ ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ። ክቡር ሆይ፣ እዚያ የሌለው ሰው ዛሬ ምነው ሳይበላ ቀረ?