በረንዳ ያለው ክፍል

እህት ዓለም፣

ካርዱን ገልብጪና ፎቶው ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን በረንዳ እዪው። ትምህርት ሲዘጋ ከመንትዮችሽ ጋር የምናርፍበት እሱ ነበር። «ቀድመሽ ሂጂና ያዢልን፣ በረንዳ የሌለው ግን እንዳይሆን» ብለሽኝ የለ? ዛሬ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ይዛኝ ወጣች። ከሥሩ ገደል ነው። «ደገፍ በዪበት፣ አትፍሪ» አለችኝ። ደገፍ ስል የበረንዳው መደገፊያ ብረት አንድ ጫፍ ከግድግዳው ተነቅሎ ወጣ፤ ከወገቤ በላይ አየር ላይ ቀረሁ። ሴትዮዋ በካፖርቴ ቀበቶ አፈፍ ባታደርገኝ ኖሮ ይሄን ካርድ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር። እኔን ስትይዝ የቁልፍ ዘለላዋ አመለጣት። ድንጋይ ሲመታ የሰማሁት ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ ነው። አንቺ እኮ አንደኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ እንኳ መስኮቱን በሽቦ ያሰርሽባቸው ልጆች ናቸው!

«እዚህ ላይ ልጆች ልታሳርፊ ነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

«ልጅ እኮ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ብረቱ ይችለዋል» አለችኝ፣ ዓይኗ ገደሉ ውስጥ ቁልፎቿን እየፈለገ።

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ምድር ቤት ያለ ክፍል ይዣለሁ፤ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ብትፈልጊ አኩርፊ። ከበረንዳ ልታዪው የፈለግሽውን ተራራ ቀን በእግራችን ወጥተን እናየዋለን፣ ማታ ግድግዳችንን እያየን እንተኛለን።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሰላም በይልኝ፤ ይሄን ግን እንዳታነቢላቸው። መንትዮቹንም ሳሚልኝ፤ ስትስሚያቸው እጃቸውን ያዝ አድርጊ።