የጨመርኩት ሰባት ኪሎ

ኅዳር 3
ጉንፋን ገብቷል፤ ፋርማሲው ሲጨናነቅ ዋለ። ደንበኛችን ገላኔ የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ልትወስድ መጥታ፣ «ሌንሳ! ወፈርሽ እኮ! ተመችቶሻል!» አለችኝ። ሳቅኩ። ምን ልበላት?
ስትሄድ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ስልሳ ሦስት። ባሌ ሚኪያስ አርሲ ነገሌ ሌላ ሴትና የሁለት ዓመት ልጅ እንዳለው ሳላውቅ ሃምሳ ስድስት ነበርኩ። በሁለት ወር...
እንቅልፍ ሲጎድል ረሃብ እንደሚበረታ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ። የራሴን ግን ደበቅኩ።

ኅዳር 5
ለአክስቴ ለዘርፉ ነገርኳት። አብራን ነው የምትኖረው፤ እስከ መቼ ልደብቃት? ሦስት ሰዓት እንኳ እንደማልተኛ። ተነስቼ ደረቅ ዳቦ፣ የተረፈ ፓስታ፣ ያገኘሁትን እንደምጎርስ። እያለቀስኩ።
«በእኔና በአንቺ ይቅር» አልኳት።
«እብድ ነኝ እንዴ የማወራው?»

ኅዳር 7
ሽምግልና። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ፍቺ።
ትልቁ ሽማግሌ አቶ መርዳሳ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ የተበደለ ሰው ይከሳል። አንቺ እኮ አምሮብሻል። ይቅር በይው።»
ሚኪያስ ቀጠለ። «እንቅልፍ አጣሁ ትላለች እንጂ ሌሊት ድስት ስትጠርግ ነው የምታድረው። አክስቷን ይጠይቋት!»
ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች። ቀና አላለችም። እሱስ እሺ... አንቺም?
«አባባ፣ አምና ልጅዎን ወዬሳን ሆስፒታል ሲያስታምሙ እንዴት ያድሩ ነበር?»
«ቁጭ ብዬ ነዋ።»
«ምግብስ?»
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብስኩት... ስኳር የበዛበት ሻይ። ልጄ እየተሰቃየ እኔ ሱሪ ጠበበኝ።»
«ታዲያ ተመችቶዎት ነበር?»
ማንም አልሳቀም። አቶ መርዳሳ ወደ ሚኪያስ ዞሩ። «በቃ። መንገዷን ልቀቅላት።»

ኅዳር 8
አሁንም አልተኛሁም። አሁንም በላሁ። ማሸነፍ እንቅልፍ አያመጣም ማለት ነው?
አክስቴ፣ «ለሚኪያስ የነገርኩት ትዳርሽ እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አለች። የትኛው ትዳር?

ኅዳር 9
የፍቺ አቤቱታዬን ፍርድ ቤት አስገባሁ። ስመለስ ሚኪያስ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል።

ኅዳር 11
ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ! ስነቃ ፀሐይ አልጋው ላይ ነበረች።
አክስቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። «የኔ ልጅ፣ ቁርስ በላሽ?»
«ለማን ልትነግሪ ነው?»