የአሸንዳው ግምትና የእማማ ደብሬ ግድግዳ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ጣቴ ስንጥቁ ውስጥ እስከ አንጓው ገባ። ግድግዳው የኔ አይደለም፤ ከጓሮዬ አጥር ማዶ ያለው የእማማ ደብሬ የጭቃ ቤት ነው። ዶሮዬን ፍለጋ ግቢያቸው ገብቼ ነው ያየሁት። ከኔ ጣሪያ የሚወርደው ጠፈጠፍ እሳቸው ጋ እያረፈ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ እየተፈናጠረ ግርጌውን በልቶታል። ከስንጥቁ ወዲያ አልጋቸው ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸውም ስለደከመ አላዩትም።

ጭቃ አድቦልቡዬ ደፈንኩትና ወጣሁ። ምንም አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። ደሴ ያለው ልጃቸው ከሰማ ይከሰኛል። ስድስት ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ የተረፈኝ ይህ ቤት ብቻ ነው። ሲሠራ አናጢው "አሸንዳ ይግባለት" ቢለኝ "ለከርሞ" ያልኩት እኔው ነኝ። ለቀለሙ ግን ሳልሳሳ ከፍያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

አሸንዳ ሠሪውን ይማምን ጠራሁት። የጓሮውን ጣሪያ በሜትር ለካ፣ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ደመረ።

የላሜራ አሸንዳ፣ 11 ሜትር፦ 6,600
መያዣ ብረት፣ 12፦ 1,200
መውረጃ ቱቦ፣ ቤቱን ዞሮ እስከ መንገዱ ቦይ፣ 7 ሜትር፦ 3,500
የእጅ፦ 2,500

13,800 ብር። የፊት ለፊቱ ሳይቆጠር ነው። "የፊቱ ይቅር" አልኩት። "ሰው ሁሉ የፊቱን ነው የሚያሠራ፣ አንቺ ጓሮውን?" ብሎ ሳቀ። ያወቀብኝ መሰለኝ።

ሌላ ጣጣም አመጣ። መሰላሉ የሚቆመው እማማ ደብሬ ግቢ ነው። "ሳታስፈቅጂ አልወጣም፣ እቱ" አለኝ።

ከሰዓት ዘነበ። መስኮቱ ጋ ቆሜ አዳመጥኩ። ከጓሮ አንዳች ነገር ዱብ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወርዳል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ሄድኩ። ዘዴዬ መጀመሪያ አልጋውን ከግድግዳው ሥር ማስነሳት ነበር። "እማማ፣ አልጋዎን ወደ በሩ ቢያዞሩት ብርሃን ያገኛሉ።"

"ስተኛ ብርሃን ምን ያረግልኛል፣ አንቺ ልጅ?" አሉና ሳቁ።

ስለ አሸንዳው ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። ለካ ሰኞ ልብ ያላልኩትን በርሜል ከጠፈጠፉ ሥር አስቀምጠዋል። ክረምቱን የሚያበስሉትም የሚያጥቡትም በሱ ውኃ ነው፤ ጀሪካን ተሸክመው ቦኖ ድረስ መመላለስ አይችሉም። "ውኃዬን ቦይ ልታፈሽብኝ ነው? በአላህ ይዤሻለሁ!" እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ በአላህ የሚይዙኝ እሳቸው።

ያኔ ስለ ግድግዳው መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት። "እንግዲያው ቱቦው እርስዎ በርሜል ላይ ይውረድ" አልኩ። እሺ አሉ።

ቱቦው ሦስት ሜትር ብቻ ሆነ። 11,800። ሁለት ሺህ ብር ሲቀንስልኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ላሜራው አልደረሰም። ከደሴ የጫነው አይሱዙ መንገዱ ተበላሽቶ አቀስታ ከተማ ቆሟል። "አብሽሪ፣ ነገ ካልሆነ ቅዳሜ ነው" ይለኛል ይማም። ቅዳሜ! ሰማዩን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም።

ላስቲክ ገዝቼ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ ግድግዳቸውን ላለብስ ሞከርኩ። ነፋሱ ወሰደው። ቁርስ አልበላሁም። ምሳም። ያ ረቢ፣ ግድግዳውን ሁለት ቀን ብቻ አቆይልኝ።

አርብ፣ ሐምሌ 11



ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሮጥኩ። እማማ ጋቢ ተከናንበው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። "ይነሱ!" "ምን ሆንሽ?" አልመለስኩላቸውም። እሳቸው ላዩ ላይ እንዳሉ አልጋውን ጎትቼ በሩ ጋ አደረስኩት። አበደች ብለው ሰደቡኝ፣ በምርኩዛቸውም ትከሻዬን መቱኝ። ብዙም ሳይቆይ የግድግዳው ግርጌ ተንሸራቶ ገባ። ጭቃው ትራሳቸው የነበረበት ቦታ ላይ ተከመረ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። "አላህ ነው የላከሽ" እያሉ እጄን ይስማሉ። ምርቃቱ ሁሉ እንደ ጥፊ ነበር። እማማ ግን አልመረቁኝም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

እማማ ከትናንት ጀምሮ እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ ናቸው። አይሱዙው ጠዋት ገባ፣ ይማም ጓሮ አሸንዳውን እየሰቀለ ነው። ሻይ ሳቀርብላቸው ጠየቁኝ።

"እንደሚወድቅ እንዴት አወቅሽ?"

ሕልም አየሁ ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ደክሞኛል፣ መዋሸት አቃተኝ። "ሰኞ ነው ያየሁት፣ እማማ። ጣቴ ይገባበት ነበር። ልጅዎ እንዳይከሰኝ ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት።"

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡት።

"አራት ሌሊት እዚያ አስተኛሽኝ" አሉ።

አለቀስኩ፣ እሳቸው አላባበሉኝም። ምርኩዛቸውን አነሱ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጓሮ ጠቆሙበት።

"ያን ሰውዬ ጥሪልኝ። ግድግዳዬንም ባንቺ ሂሳብ አብሮ ይገምት።"

ይማም የጭቃ ሥራ አያውቅም፣ ግን ጠራሁት። ይኸው ሜትሩን ዘርግቶ ማዶ እየለካ ነው። እማማ ሻዩን አልነኩትም። ካልጋዬም አልተነሱም።